ሶፋ ላይ የሚያድር አይቆጠርም

በየዓመቱ በጥር መጨረሻ አካባቢ፣ በአንድ ሌሊት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች በዳላስና በፎርት ዎርዝ ጎዳናዎች ይበተናሉ። ድልድይ ሥር፣ ከሱቅ ጀርባ፣ በትሪኒቲ ወንዝ ዳር ባለው ጫካ፣ በቆሙ መኪኖች መካከል እየዞሩ ያገኙትን ሰው ያናግራሉ፤ መልሱንም በስልካቸው ይመዘግባሉ። መጠለያዎች የዚያኑ ሌሊት ያደሩባቸውን ሰዎች ቆጥረው ያሳውቃሉ። ድምሩ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ፌዴራሉ የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በ2024 (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በመላ አሜሪካ የተቆጠረው ቤት አልባ 771,480 ነበር፤ ካለፈው ዓመት በ18 በመቶ ይበልጣል፣ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነበር። የዳላስና የኮሊን ካውንቲዎች ቁጥር ግን በተቃራኒው ወርዷል፤ በ2024 3,718፣ በ2025 ደግሞ 3,541።

ከእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ የሌለ ሰው አለ። ጋርላንድ ውስጥ የአክስቱ ልጅ ሳሎን ሶፋ ላይ ወራት ያስቆጠረ ጎልማሳ ነው። ሁለት ልጆቿን ይዛ አብራት የምታስቀድስ ሴት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ የተጠጋች እናት ናት። ቆጣሪው አይደርስባቸውም፤ ቢደርስባቸውም አይመዘግባቸውም። የዳላስ አካባቢ መጠለያና ድጋፍ ለእኛ ሰው፣ ለሐበሻው፣ የሚርቀው አልጋ ስለጠፋ ብቻ አይመስለኝም። በሩ የተሠራው ሜዳ ላይ ለወደቀ ሰው ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ ሜዳ ላይ እስኪወድቅ ችግሩን አይናገርም። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ሊያዝ ይችል የነበረው ቤት ተለቅቋል፣ ክሬዲቱ ተበላሽቷል፣ ትዳሩም አንዳንዴ ፈርሷል።

ነገሩን ከትርጓሜው እንያዘው፣ ምክንያቱም ማን ምን እንደሚያገኝ የሚወስነው እሱ ነው። ለቤቶች መሥሪያ ቤቱ ቤት አልባ ማለት በመጠለያ ያለ፣ ወይም ለሰው መኖሪያ ባልተሠራ ቦታ፣ በመንገድ፣ በድንኳን፣ በባዶ ሕንፃ፣ በመኪና የሚያድር ነው። እንግዲህ ሥራውን ጨርሶ የመኪናውን መቀመጫ አጋድሞ ዋልማርት ግቢ የሚያድር የኡበር ሾፌር ይቆጠራል። ያንኑ ሾፌር ጓደኛው አዝኖለት ሶፋ ቢሰጠው ከቁጥሩ ይወጣል። በገዛ ገንዘቡ ሞቴል የሚያድረውም አይገባም፤ የሞቴሉን ሒሳብ በጎ አድራጎት ድርጅት ወይም መንግሥት ከከፈለለት ግን ይገባል። ከሾፌሩ ጓደኛ ደግነት ይልቅ የዋልማርት አስፋልት የሚረዳው ሆነ ማለት ነው።

ይህን አጥር የሚያልፉ ሁለት መንገዶች አሉ፤ ብዙ ሰው አያውቃቸውም። አንደኛው በ14 ቀን ውስጥ ከሚያድርበት የሚወጣ፣ ሌላ ማረፊያም ገንዘብም የሌለው ሰው ነው። ይህ የተከራየውን ብቻ ሳይሆን ተጠግቶ የሚኖረውንም ይጨምራል፤ ግን ማስረጃ ይፈለጋል። አስጠጊው «እስከዚህ ቀን ድረስ ይወጣል» ብሎ መጻፍ ወይም ለኬዝ ወርከሩ በስልክ ማረጋገጥ አለበት። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታችን የሚያስረን። ወራት ያስጠጋ ሰው «አባረርኩት» የሚል የሚመስል ወረቀት ላይ ስሙን መፈረም ይከብደዋል፤ ነገ በየማኅበሩ ምን ይባላል? ተጠጊውም ያንን ወረቀት ከመለመን ሌላ ሶፋ መፈለግን ይመርጣል። ወረቀቱ ግን ስንብት ሳይሆን የመግቢያ ቁልፍ ነው፤ ይህን አስጠጊዎች ቢያውቁ ብዙ ነገር ይቀላል። ሁለተኛው መንገድ የቤት ውስጥ ጥቃት ነው፤ ከጥቃት የምትሸሽ ሴት ሶፋ ላይ ብታድርም፣ ሞቴል ብታድርም ሕጉ ቤት አልባ ይላታል።

በትምህርት ቤት በኩል ደግሞ ሌላ ትርጓሜ አለ፣ በጣም ሰፊ። በ1987 የወጣው የማኪኒ ቬንቶ ሕግ ቤት በማጣት ወይም በኑሮ ችግር ምክንያት ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተደርቦ የሚኖርን ልጅ፣ ሞቴል የሚያድረውንም ልጅ፣ ቤት አልባ ብሎ ይቀበለዋል። ልጁ የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ሳይለቅ የመቀጠል፣ መጓጓዣ የማግኘት፣ ወረቀት ባይሟላለትም ወዲያው የመመዝገብ መብት አለው፤ ምሳውም በነፃ ነው። በየትምህርት ዲስትሪክቱ፣ በዳላስም በጋርላንድም በሪቻርድሰንም፣ ለዚህ ጉዳይ የተመደበ ሠራተኛ አለ። ሕጉ ያዛል። ከዚህ ሠራተኛ ጋር የተገናኘች እናት የልብስና የምግብ እርዳታ የት እንዳለ፣ የትኛው መጠለያ ቤተሰብ እንደሚቀበል ከማንም ቀድማ ትሰማለች። ስለዚህ ልጅ ላለው ሰው የመጀመሪያው በር መጠለያ ሳይሆን ትምህርት ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰው እዚህ እንዴት ይደርሳል? የኢትዮጵያዊው መንገድ ከአሜሪካዊው ትንሽ ይለያል። በዲቪ የመጣ ሰው እንደ ስደተኛ በሠፈራ ድርጅት አይታቀፍም፤ ኤርፖርት የሚቀበለው ዘመድ ወይም የሠፈር ልጅ ነው። መጋዘን ወይም ኤርፖርት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ ሰዓቱ ይቆራረጣል። አፓርትመንት ለመከራየት ሲጠይቅ ደመወዙ የኪራዩን ሦስት እጥፍ እንዲሆን፣ የክሬዲት ታሪክ እንዲኖረው፣ ዲፖዚት እንዲያስይዝ ይጠየቃል። ስለዚህ ደባል ይሆናል። ደባልነቱ በጸብ፣ በጋብቻ ወይም በአከራይ ማስጠንቀቂያ ሲያበቃ (ሊዙ ላይ ስሙ ስለሌለ) በሕግ የሚይዘው ነገር እምብዛም ነው። በስደተኝነት የገባው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ይሻለው ነበር፤ የሠፈራ ድርጅቶች ለመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ቤት ፈልገው ያስገቡ ነበር፣ ብዙዎቹንም በሰሜን ምሥራቅ ዳላስ በቪክሪ ሜዶው ሠፈር። የፌዴራሉ የስደተኞች ቅበላ ከጥር 2025 ጀምሮ ከታገደ ወዲህ ያ በር በእጅጉ ጠብቧል። ከዚህ በተጨማሪ ያሉት ምክንያቶች የትም ያሉ ናቸው፦ ሕመም፣ የመኪና አደጋ፣ ፍቺ፣ ሱስ፣ የአእምሮ ሕመም። የመጨረሻውን በሹክሹክታ ነው የምናወራው፤ ጸበል ይወሰዳል፣ ይጸለይለታል፣ ሐኪም ዘንድ ግን የሚሄደው ዘግይቶ ነው።

ከቤት ማጣት መከላከያ ሁሉ ርካሹ ቤቱን አለመልቀቅ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በቴክሳስ ኪራይ የዘገየበት ሰው በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል፤ ልቀቅ የሚል ማስታወቂያ ነው፣ ሊዙ ሌላ ካላለ ቢያንስ የሦስት ቀን ጊዜ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት የፍርድ ቤት ትእዛዝ አድርጎ ያነበዋል፤ በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ይወጣል፣ የቀረውን ለሳልቬሽን አርሚ ይሰጣል። ስህተት ነው። ወረቀቱ የአከራዩ ደብዳቤ እንጂ ፍርድ አይደለም። አከራዩ ከዚያ በኋላ በጀስቲስ ኦፍ ዘ ፒስ ፍርድ ቤት መክሰስ፣ መጥሪያ ማድረስ፣ ችሎት መቆም አለበት። ተከራዩ ካልቀረበ ዳኛው በሌለበት ይፈርድበታል፤ ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ከተፈረደ በኋላ ይግባኝ ለማለት አምስት ቀን አለ። ማስወጣት የሚችለው አከራዩ ራሱ ሳይሆን ኮንስታብል ወይም ሌላ ሕግ አስከባሪ ነው፣ እሱም ከ24 ሰዓት በፊት ማስጠንቀቂያ ለጥፎ። በ2025 የጸደቀ የቴክሳስ ሕግ ይህን ሂደት ለአከራይ አፍጥኖታል፤ ቀን ማባከን ከበፊቱም የበለጠ ያስከፍላል ማለት ነው።

ችሎት መቅረብ ብቻውን ውጤት ይለውጣል። የማስታወቂያው አሰጣጥ፣ የቀኑ አቆጣጠር፣ የሌት ፊው ስሌት ላይ ስህተት እየተገኘ የሚዘጋ ክስ ጥቂት አይደለም። በዳላስ ካውንቲ ጠበቃው ማርክ ሜልተን የመሠረተው የዳላስ ኢቪክሽን አድቮኬሲ ሴንተር ለተከራዮች በነፃ ይቆማል። ፎርት ዎርዝን ጨምሮ በሰፊው ክልል የሚሠራው ሊጋል ኤይድ ኦቭ ኖርዝዌስት ቴክሳስ ነው። አስተርጓሚ ለመጠየቅ አማርኛ ተናጋሪ መሆንን ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ አስቀድሞ መንገር ያሻል፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅን ለአባቱ ክስ አስተርጓሚ አድርጎ ማቆም ለልጁም ለጉዳዩም አይበጅም።

ቤቱ ከእጅ ከወጣ፣ ስልኩን አንስቶ 211 መደወል ነው። የቴክሳስ የጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን የሚያሠራው መስመር ነው፣ ቀንም ሌሊትም ይነሣል። መጀመሪያ የሚሰማው ማሽን ቋንቋ ያስመርጣል፤ አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ ባይኖር ተስፋ አይቆረጥም። እንግሊዝኛውን መርጦ፣ ዚፕ ኮድ አስገብቶ፣ ሰው ሲመጣ «አምሃሪክ፣ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» ማለት ይበቃል፤ ሠራተኛው በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛል። መጠበቅ አለ። ሙዚቃው ሲያሰለች የሚዘጋ ሰው ብዙ ነው፤ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ፣ ስፒከር ላይ አድርጎ መጠበቅ ይሻላል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መደወልም ብልህነት ነው፣ ምክንያቱም 211 መጠለያ አያስገባም፤ ሦስት አራት ስልክ ቁጥር ነው የሚሰጠው።

ከዚያ በኋላ ያለው ካርታ እንደ ካውንቲው ይለያያል። የዳላስ ፎርት ዎርዝ ነዋሪ ራሱን የአንድ ከተማ ሰው አድርጎ ያያል፤ ጠዋት ጋርላንድ፣ ቀን ኤርፖርት፣ ማታ አርሊንግተን ነው። የቤት አልባ አገልግሎቱ ግን በሦስት የተከፈለ ነው። ዳላስና ኮሊን ካውንቲዎች በአንድ ሥርዓት ሥር ናቸው፣ መሪው ሃውሲንግ ፎርዋርድ ይባላል። ታራንትና ፓርከር ካውንቲዎች በታራንት ካውንቲ ሆምለስ ኮአሊሽን ሥር ናቸው። ዴንተን ደግሞ የቴክሳስን ሰፊ ቀሪ ክፍል ከያዘው ሌላ ሥርዓት ጋር ነው። ዳላስ ላይ ተመዝግቦ ወረፋ የያዘ ሰው ፎርት ዎርዝ ዘመድ ጋ ሄዶ ቢሰነብት ወረፋው አይከተለውም።

በዳላስ ብቸኛ ለሆነ አዋቂ ዋናው በር በኮርሲካና ጎዳና 1818 ላይ ያለው ዘ ብሪጅ ነው። ከዳውንታውን አጠገብ ነው፣ በግንቦት 2008 ተከፈተ፤ አልጋ፣ ምግብ፣ ሻወር፣ ክሊኒክና ኬዝ ማኔጀር በአንድ ግቢ ይገኛሉ። ከእሱ ብዙም ሳይርቅ በ1983 የተጀመረው ኦስቲን ስትሪት ሴንተር አለ፤ በ2022 ወደ አዲስ ሕንፃ ገብቷል፣ ለረጅም ዘመን ሴቶችንና ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶችን በማስቀደም ይታወቃል። ዳላስ ላይፍ፣ የዩኒየን ጎስፕል ሚሽን የወንዶችና የሴቶች ቤቶች፣ ሳልቬሽን አርሚ በክርስቲያናዊ መንፈስ የሚሠሩ ናቸው። አወርኮሊንግ የቀን ማዕከል ነው፤ መጠለያና ምግብ የሚፈለግበት የስልክ አፕ አለው። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በ1975 የጀመረው ዘ ስቱፖት ደግሞ መታወቂያና የልደት ወረቀት ለጠፋበት ሰው እውነተኛ መፍትሔ ነው። መታወቂያ የሌለው ሰው ሥራም ቤትም አያገኝም፤ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ አድራሻ ይጠየቃል። ይህን ቋጠሮ እዚያ የሚፈቱ ሰዎች አሉ።

ልጅ ያለው ቤተሰብ ወደ እነዚህ ቦታዎች በቀጥታ አይሄድም። ለዳላስ ቤተሰቦች መግቢያው ፋሚሊ ጌትዌይ ነው፣ የቀድሞዋ ከንቲባ አኔት ስትራውስ በ1980ዎቹ ያነሣሣችው ድርጅት። አስቀድሞ በስልክ ይጠየቃል። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ዛሬ ማታ ሌላ የሚያድሩበት ቦታ አለ?» ነው፤ ይህ ማባረር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ሶፋውን አንድ ሳምንት አራዝሞ፣ ከአስጠጊው ጋር አስታርቆ፣ ዲፖዚት ወይም የአውቶቡስ ትኬት ከፍሎ መጠለያ ሳይገቡ ማሻገር ይቻል እንደሆነ ለመለየት ነው። ለሐበሻ ቤተሰብ ከሁሉ የሚስማማው እርዳታ ይህ ይመስለኛል፣ ሽምግልና ለምዶብናልና። ግን «የለኝም» ብሎ ከመጀመር ይልቅ እውነቱን መዘርዘር ይጠይቃል።

ከጥቃት ለሸሸች ሴት መንገዱ ሌላ ነው። ጀነሲስ፣ ዘ ፋሚሊ ፕሌስና በስደተኞች ላይ ያተኮረው ሞዛይክ ፋሚሊ ሰርቪስስ በዳላስ፣ ሴፍሄቨን በታራንት ካውንቲ፣ ሆፕስ ዶር በፕሌኖ አሉ። የመጠለያቸው አድራሻ ምስጢር ነው። ሞዛይክ ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ ሠራተኞች አሉት፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አብሮ ይሠራል፣ ይህ ደግሞ «ከሄድሽ ግሪን ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ» ተብላ ለኖረች ሴት ከአልጋው እኩል ዋጋ አለው። በባል ጥቃት የደረሰባት ሴት እሱ ሳያውቅ በራሷ ስም ማመልከት የምትችልበት ሕግ ከ1994 ጀምሮ አለ። የቴክሳስ ሕግም የጥቃት ማስረጃ ያላት ተከራይ ሊዙን ያለ ቅጣት እንድታፈርስ ይፈቅዳል። በሌሊት የሚደወልበት የአገር አቀፉ መስመር 1 800 799 7233 ነው። አስታራቂ ሽማግሌዎች ይህን ቁጥር ኪሳቸው ቢይዙት ምነው! ሁሉም ጸብ በእርቅ አያልቅም፣ አንዳንዱ እርቅ ሴቲቱን ወደ ዱላው መመለስ ነው።

ፎርት ዎርዝ ሲኬድ ሁሉም ነገር አንድ መንገድ ላይ ተሰብስቦ ይገኛል፣ ኢስት ላንካስተር አቬኑ። በ1984 የተከፈተው ፕሬስቢቴሪያን ናይት ሼልተር፣ ከ1888 ጀምሮ ያለው ዩኒየን ጎስፕል ሚሽን፣ ሳልቬሽን አርሚ፣ የቀን ማዕከሉ ትሩ ወርዝ ፕሌስ እዚያው አካባቢ ናቸው። ለፈላጊው ይቀላል፤ በእግር ከአንዱ ወደ ሌላው ይኬዳል። ለልጆች የሚያስጨንቅ መንገድ ነው፣ ስለዚህ ቤተሰብ አስቀድሞ ወደ ኮአሊሽኑ መስመር ደውሎ ቢሄድ ይመረጣል። አርሊንግተን ላይፍ ሼልተር በመካከል አለ፤ ከተማዋ መደበኛ የአውቶቡስ መስመር ስለሌላት በስልክ በሚጠራ ቫን ነው የሚደረሰው። በኮሊን ካውንቲ ማኪኒ ያለው ሳማሪታን ኢን በ1984 የተጀመረ ነው፤ ሠርተው ወጥተው መቋቋም ለሚችሉ ሰዎችና ቤተሰቦች የተመቸ፣ ግን ወረፋ ያለው ነው። ጋርላንድና ሪቻርድሰን፣ የእኛ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የበዙባቸው፣ የዳላሱን ዘ ብሪጅ የሚያክል ትልቅ የሌሊት መጠለያ የላቸውም። ስለዚህ ቤት ያጣው ሐበሻ ከሚያውቀው ሠፈር፣ ከሥራው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይም ከመስጊዱ ተነቅሎ ዳውንታውን መውረድ አለበት። በዳርት ባቡር ሩቅ አይደለም። በልብ ግን ይርቃል።

መጠለያ ውስጥ ምን ይገጥማል? ከሰዓት በኋላ ሰልፍ አለ። ቦርሳ ይፈተሻል፤ ቢላ፣ አልኮል፣ ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒት ይያዛል፣ የታዘዘው የባለቤቱ ስም ባለበት ብልቃጥ መሆን አለበት። ስም፣ የልደት ቀን፣ የመጨረሻ አድራሻ ተጠይቆ የጋራ መዝገብ ላይ ይገባል፤ ይህ ምዝገባ ነው ኋላ ወረፋ የሚሆነው፣ ስለዚህ ስም አዛብቶ መናገር ራስን መጉዳት ነው። ወንድና ሴት ለየብቻ ያድራል፣ ባልና ሚስት ቢሆኑም። በአንዳንድ የሴቶች መጠለያ ጎረምሳ ወንድ ልጅ ከእናቱ ጋር ላይገባ ይችላል፣ ቀድሞ መጠየቅ ነው። አልጋ ሲሞላ ወለል ላይ ፍራሽ ይነጠፋል። ጠዋት በጊዜ ይነሣል፣ ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን መተኛት ስላለበት ከአሠሪው ደብዳቤ አምጥቶ መነጋገር አለበት። ጿሚ ሰው «ቪጋን» ብሎ ቢጠይቅ «ፋስቲንግ» ከማለት ቶሎ ይገባቸዋል። አንዳንዱ መንፈሳዊ ቤት ማታ የስብከት ሰዓት አለው፤ ለሙስሊም ወገን የሚቆረቁር ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ቤት መምረጥም ይቻላል። ጫማ ሲያድሩ ከራስ ሥር ነው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ አዲስ አበባ ተራ አልጋ ቤት ያደረ ሰው የማያውቀው ነገር የለበትም።

የሚያናድደው ወረፋው ነው። መዝገቡ ሰውን በጉዳቱ መጠን ያስቀድማል፦ ዓመት ጎዳና ላይ የቆየ፣ አካሉ ወይም አእምሮው የታመመ፣ ሊሞት የሚችል ሰው ወደፊት ይመጣል። ለእሱ ቋሚ ድጋፍ ያለው ቤት አለ። ጤነኛ፣ ሠራተኛ፣ ሱስ የሌለበት የሠላሳ ዓመት ሐበሻ ወደ ኋላ ይቀራል። ፍትሐዊ ነው ወይ? እኔ ነው እላለሁ፤ ሐኪም ቤት ድንገተኛ ክፍልም የሚሠራው በዚሁ ነው። ይልቅ ለዚህ ሰው የሚበጀው ቋሚ ቤት መጠበቅ ሳይሆን ለተወሰኑ ወራት ኪራይ የሚደጉመው ፈጣን የመልሶ ማስገባት ፕሮግራም ነው። ዳላስ በ2021 የ72 ሚሊዮን ዶላር ፕሮግራም የጀመረችው ለዚሁ ነበር፤ ከተማዋ፣ ካውንቲውና የቤቶች ባለሥልጣናት የወረርሽኙን የፌዴራል ገንዘብ አዋጥተው። የቁጥሩ መውረድ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሴክሽን ኤይት ቫውቸር ግን የነገ ማታ መፍትሔ አይደለም፤ ወረፋው ረጅም ነው፣ ቫውቸሩ ቢገኝም የቴክሳስ ሕግ አከራይ እንዲቀበለው አያስገድድም።

ከላይ ያለው ፖለቲካም ይነካናል። ቴክሳስ ከመስከረም 1 ቀን 2021 ጀምሮ በአደባባይ ድንኳን መትከልን እስከ 500 ዶላር በሚያስቀጣ ወንጀል ከልክላለች። በሰኔ 2024 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግራንትስ ፓስ ጉዳይ ከተሞች እንዲህ ያለ ቅጣት መጣል ይችላሉ ብሎ ፈረደ። በሐምሌ 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ «መጀመሪያ ቤት» የሚለውን፣ ማለትም ሱስና ሕመም ሳይጠየቅ ቤት መስጠትን ያስቀደመውን አሠራር የሚገፋ ትእዛዝ አወጡ። ማባረር ብቻውን ግን አይሠራም፤ ዳላስ በ2016 በሀይዌይ 45 ሥር የነበረውን የድንኳን ሠፈር ስታፈርስ ሰዎቹ ተበትነው ሌላ ቦታ ሠፈሩ፤ በኋላ ቁጥር የወረደው ሰዎች ቤት እያገኙ የድንኳን ሠፈሮች ሲዘጉ ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግ አላውቅም። ለመጤ ሰው የድንኳኑ ቅጣት ከገንዘቡ በላይ ነው፣ የወንጀል መዝገብ በዜግነት ማመልከቻ ላይ ይጠየቃልና።

ብዙ ሰው ከመጠለያ የሚሸሸው «ለመንግሥት ሸክም ሆነ ተብሎ ወረቀቴ ይበላሻል» በሚል ነው። በስደተኝነት የገባና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከዚህ መመዘኛ በሕግ ነፃ ነው። በዲቪ ገብቶ ግሪን ካርድ የያዘ ሰውም ለዜግነት ሲያመለክት ይህ መመዘኛ አይነሣበትም። የምግብ ድጎማው ግን ጠብቧል፤ በሐምሌ 2025 የወጣው ሕግ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙትን ግሪን ካርድ እስኪይዙ ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል። የኖርዝ ቴክሳስ ፉድ ባንክና የታራንቱ ፉድ ባንክ ምግብ የሚያድሉባቸው ቦታዎች አሁንም ክፍት ናቸው። ሕመም ላለበት በዳላስ ፓርክላንድ፣ በፎርት ዎርዝ ጄፒኤስ ሆስፒታል ኢንሹራንስ የሌለውን በገቢው ልክ ያያሉ፤ ፓርክላንድ ወደ መጠለያዎች የሚዞር ተንቀሳቃሽ ክሊኒክም አለው።

የራሳችን ተቋማትስ? እድር አለን፣ ጠንካራ። አንድ ሰው ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት ለማድረስ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ዶላር ይሰበሰባል፤ ጎፈንድሚው ይሞላል። ያው ሰው በሕይወት እያለ የአንድ ወር ኪራይ ቢጎድለው አይጠይቅም፣ ቢጠይቅም የሚጠየቅበት ቦታ የለውም፤ የእድሩ መተዳደሪያ ለሞት ነው የተጻፈው። አዲስ አበባ ለሚገኘው ለመቄዶንያ የአረጋውያን መርጃ ከዲያስፖራው በየጊዜው ገንዘብ ይዋጣል፣ ይገባዋልም፤ ኮርሲካና ጎዳና ላይ ያለው የሀገር ልጅ ግን ከአዋጪው ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። በዳላስ ፎርት ዎርዝ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር አለ፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች አሉ፤ ቅጽ በመሙላት፣ በማስተርጎም፣ አስጠጊውን አግባብቶ ያችን የ14 ቀን ወረቀት በማስጻፍ ከገንዘብ የበለጠ ሊያግዙ ይችላሉ። እድሩም ከመዋጮው ጥቂቱን ለኪራይ ብድር ቢመድብ የመተዳደሪያ ደንብ አንድ አንቀጽ ነው የሚጠይቀው።

ከፌስቡክ የተገለበጠ ዝርዝር ይዞ መዞር አይበጅም። ለዓመታት በየዝርዝሩ የነበረው ሲቲስኩዌር በ2024 መጨረሻ ሥራውን አቁሟል፤ ብዙ የሐበሻ ስደተኛ የሚያውቀው ሬፊውጂ ሰርቪስስ ኦቭ ቴክሳስም በ2023 ተዘግቷል። በብርድ ቀን ከተማዋ የምትከፍታቸው ጊዜያዊ ማረፊያዎችም ይቀያየራሉ፤ በየካቲት 2021 በረዶ ጊዜ የዳላስ የስብሰባ ማዕከል ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ፌር ፓርክም ሆኖ ያውቃል። ለመሄድ ባሰቡበት ቀን ጠዋት መደወል ነው።

በመጨረሻ አድራሻ። ቤቱን የለቀቀ ሰው ፖስታው እዚያው ይቀራል፤ የሥራ ፈቃዱ፣ ግሪን ካርዱ፣ የቀጠሮ ደብዳቤው አሮጌ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ወይም አዲሱ ተከራይ ይጥለዋል። ሕጉ አድራሻ በተቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ኤአር 11 በተባለው ቅጽ ለኢሚግሬሽን እንዲነገር ያዛል፤ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ደግሞ ኢኦአይአር 33 የተባለውን በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ያስገባል። የቀጠሮ ደብዳቤ ስላልደረሰው ያልቀረበ ሰው በሌለበት የመባረር ውሳኔ ሊሰጥበት ይችላል። የሚታመን ሰው አድራሻ «በእገሌ በኩል» ተብሎ መጠቀም ይቻላል፣ ፖስታ ቤትም ጀነራል ደሊቨሪ በሚባለው አሠራር ደብዳቤ ይዞ ያቆያል። ኤአር 11 በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም፣ ከስልክም ይሠራል።